በእትዬ ዘይነባ ስም

ይሄ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እኛ ኮሌጅ ውስጥ ተመራቂዎች ጋዋን እየለኩ ፎቶ በሚነሱበት ሰሞን። ብዙ ነገር ደርሶብኛል። ግማሹን ለጀለሶቼ ሳወራ ትንሽ ቅመም ጣል አደርግበታለሁ፣ አልዋሽም። ይሄኛው ግን ቅመም አይፈልግም፤ እንዳለ ያቃጥላል። ለዛ ነው ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለው። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ። በሰው ስም መጫወት ምን እንደሚያመጣ ያየሁ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። ቢኒ እባላለሁ፣ የጌጃ ሰፈር ልጅ። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ላይ ተጣላን፤ እሱም አልፈለገኝም፣ እኔም አልለመንኩትም። ኮሌጅ ግን ገብቻለሁ። በኬብል! ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ኔትወርክ ሲዘረጋ ገመድ ለመሳብ በቀን ሠራተኛነት ጠሩኝ። ጣራ ለጣራ እየተሳብኩ ሕንፃውን እንደ አይጥ አወቅኩት። ዮናስ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፤ እሱ የሚሠራውን ከጀርባው ቆሜ አየሁ፣ አየሁ፣ በመጨረሻ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ሰርቨሩን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ከኔ በቀር። በቃ፣ ቁልፉ እኔ እጅ ገባ።

እናቴ ለጎረቤት “ልጄ ኮሌጅ ነው” ትላለች። “አስተማሪ ነው ተማሪ?” ሲሏት “የሚከፍትላቸው እሱ ነው” ትላለች። ውሸት የለውም።

ሰርቨር ማለት ምድር ቤት የተቀመጠ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነው፤ የሠራተኛው ሁሉ ሥራ እሱ ላይ ነው ያለው። ሠራተኛው እሱ ውስጥ የሚገባው በራሱ ስምና በራሱ ፓስወርድ ነው። አካውንት የሚሉት እሱን ነው። ያንን ስም የምፈጥረው እኔ ነኝ፤ ምን ማየትና ምን መንካት እንደሚችል የምወስነውም እኔ፤ ሥራ ሲለቅ የማጠፋውም እኔ። ዲናችን አቶ ታደሰ እንኳ ፓስወርዳቸውን ሲረሱ ማስተርሳቸውን ይዘው ስምንተኛ ክፍልን ይለምኑ ነበር።

አንድ ጊዜ ሠራተኛው ማርፈድ ሲያበዛባቸው፣ “ፊርማ ይቅር” አልኳቸው። “ጠዋትም ከሰዓትም ኮምፒውተሩ ላይ በስሙ ያልገባ ቀሪ ይባል። ዝርዝሩን እኔ አወጣልዎታለሁ።” ጭንቅላት ነህ አሉኝ። ነኝም።

ግን አበሻን በማሽን አታስረውም። ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም የሁሉንም ፓስወርድ አወቀ። ልጇ ያመመባት፣ የታክሲ ሰልፍ የያዘው፣ ለቅሶ ያለበት፣ ሁሉም ለጓደኛው ይደውልና “በስሜ ክፈትልኝ” ይላል። ይከፈትለታል። እኔም አውቃለሁ። ምን ልበል? ሰው ለቅሶ ሄዶ ቀሪ ይባል? በዚህ ላይ እኔም ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ ይጥለኛል፤ የሚከፍትልኝ ሰው ነበረኝ።

ሬጅስትራር ክፍል የተማሪ ውጤት የሚያስገቡት እትዬ ዘይነባ ናቸው። የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰው ናቸው፣ ወላጆቻቸው ከወሎ የመጡ። ኮሌጁ አንድ ፎቅ ብቻ በነበረው ጊዜ ገብተው አስራ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ግማሽ ነጥብ ጨምሩልኝ ያለ ተማሪ ከቢሯቸው በር እስከ ግቢው በር በተረትና ምሳሌ እየተሸኘ ነው የሚወጣው።

እኔን ግን ይወዱኛል። ችግሩም እሱ ነው። “ቢኒዬ፣ ይሄ ነገር አልከፈትም አለኝ።” ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። “ቢኒዬ፣ ይሄን ደሞ ማጥፋት አትችይም አለኝ።” ሦስተኛ ፎቅ። እምቢ እንዳልል ምሳ ዕቃቸው ውስጥ እጄን አስገብቻለሁ። አንድ ቀን በቃኝ አልኩና ሰርቨሩ ላይ የኔን ያህል ሥልጣን ሰጠኋቸው፤ መፍጠርም፣ ማጥፋትም፣ ሁሉንም። ዮናስ ቢሰማ ያብድ ነበር። እኔ ግን መላ አገኘሁ ነው ያልኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ያዙልኝ። እትዬ ዘይነባ ውጤቱን የሚያስቀምጡት በራሳቸው ስም አልነበረም። የድሮው የሬጅስትራር ኃላፊ ጋሽ በቀለ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ፎልደራቸው ግን ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ነው፤ የክፍሉ ሰውም “ጋሽ በቀለ ጋ አስቀምጪው”፣ “ጋሽ በቀለ ጋ አለ” እያለ እዛው ያከማቻል። እንደ ቀበሌ ቤት ነው፤ የተመዘገበበት ሰውዬ ከሄደ ቆይቷል፣ ውስጡ ግን ሰው ይኖራል። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። አዎ፣ እኔም የማላውቀው ነገር ነበር። አንድ።

ማክሰኞ ከሰዓት ከሰው ኃይል ክፍል አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። ሥራ የለቀቁ አስራ አምስት ሰዎች ስም አለባት፤ አካውንታቸው ይጥፋ ተባለ። ሰርቨሩ ያለበት ምድር ቤት ብርዱ አይቻልም፣ ወንበሩም እግሩ ተሰብሯል። ለሌላ ጉዳይ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ የእትዬ ዘይነባ ወንበር ባዶውን አገኘሁት። ሕንፃው ውስጥ ትራስ ያለው ወንበር እሱ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ በስማቸው ተከፍቷል፤ እሳቸው ግን የሉም። ጎረቤታቸው ሞተውባቸው ቀብር ሄደዋል። የከፈተችላቸው ሰናይት ናት፣ እዛው ክፍል በቅርብ የተቀጠረች፣ ገና የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ልጅ። ከፍታላቸው መስኮቱ ጋ ሄዳ ተማሪ ታስተናግዳለች።

ተቀመጥኩ። ትራሱ ምን ልበላችሁ፣ ይመቻል። ከዚሁ ልጨርሰው አልኩ፤ ሥልጣኑ እንደሆነ አላቸው፣ የሰጠኋቸውም ራሴ ነኝ። ወረቀቷን አወጣሁና ከላይ ወደ ታች ወረድኩባት። አንዱን ስም ሳጠፋ ኮምፒውተሩ “የዚህ ሰው ፋይሎችም አብረው ይጥፉ?” ብሎ ጠየቀኝ። እንዴታ! ሰውዬው ከሄደ ፋይሉ ምን ይሠራል? ለአስራ አምስቱም እንዴታ አልኩት። ስሞቹን አንድ በአንድ አላሰብኳቸውም፤ ብቻ ጣቴ ይሮጣል። አስር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዮናስ ቢሆን ግማሽ ቀን ይተኛበት ነበር። እያፏጨሁ ወረድኩ።

ረቡዕ ጠዋት ስገባ ሦስተኛ ፎቅ ጩኸት ነው። የነርሲንግ ተመራቂዎች ውጤት በሙሉ የለም። የሦስት ዓመት ልፋት፣ ድራሹ የለም። ምረቃው ለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ተቆርጧል፤ ልጆቹ ጋዋናቸውን ለብሰው ፎቶ ተነስተዋል፤ የአንዷ እናትማ ከአርሲ መጥተው እቤቷ አርፈዋል። ወሬው ወዲያው ተነሳ። ውጤት የሚሸጥ ሰው አለ፣ እንዳይታወቅበት ዱካውን አጠፋ ተባለ።

አቶ ታደሰ አስጠሩኝ።

“ቢኒያም፣ ማን እንዳጠፋው ማወቅ ይቻላል?”

“ጋሽ ታደሰ፣ እኔ እያለሁ? ማን በስሙ ገብቶ ምን እንደነካ ሰርቨሩ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። አስር ደቂቃ ይስጡኝ። ሌባውን አትሜ አመጣልዎታለሁ።”

ልክ ይሄን ነው ያልኩት። አትሜ።

ወረድኩና መዝገቡን ከፈትኩ። ፋይሎቹ የጠፉት ከጋሽ በቀለ ፎልደር መሆኑን ነግረውኛል፤ እሱን ማን አጠፋው ብዬ ፈለግኩ። ወጣልኝ። ዘይነባ ይላል። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። ቀጥሎ ግን ምን እንደተሰማኝ ታውቃላችሁ? ኩራት። ፖሊስ ወር የሚፈጅበትን እኔ በስድስት ደቂቃ! ከስሙ በታች ያለውን ሳላነብ አተምኩት። የማክሰኞው ሥራዬ ትዝም አላለኝ። በእሳቸው ስም የሠራሁት ሥራ ጭንቅላቴ ውስጥ የተመዘገበው በኔ ስም ነዋ።

ዲኑ ቢሮ ስገባ እትዬ ዘይነባ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰናይት በሩ ጋ ቆማለች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እንደ ዳኛ ዘርግቼ አስቀመጥኩት። አቶ ታደሰ አነበቡና ቀና አሉ።

“ወይዘሮ ዘይነባ፣ ይሄ የእርስዎ ስም ነው?”

እትዬ ዘይነባ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። “ስሙ የኔ ነው።”

“ማክሰኞ ስምንት ከሃያ ላይ እርስዎ ነዎት ያጠፉት?”

“ወላሂ እኔ አላጠፋሁም።”

“በዛ ሰዓት ቢሮ ነበሩ?”

ሰናይትን አንድ ጊዜ አየት አደረጉና ዓይናቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ።

“ነበሩ ወይስ አልነበሩም? ቀላል ጥያቄ ነው።”

“እኔ አላጠፋሁም። ሌላ የምለው የለኝም።”

ለምን ዝም እንዳሉ ኋላ ነው የገባኝ። አልነበርኩም ካሉ ቀጣዩ ጥያቄ ማን ከፈተልዎት የሚል ነው። ሰናይት ደግሞ በሙከራ ላይ ናት፤ በዚህች ትባረራለች። እንዲያውም እሳቸው ልጅቷ ስትከፍትላቸው በስህተት የሆነ ነገር የነካች መስሏቸዋል። የልጅቷ እንጀራ ከሚቆረጥ ብለው የራሳቸውን እንጀራ አስይዘው ዝም አሉ።

“አስራ ስድስት ዓመት አምነንዎታል” አሉ አቶ ታደሰ፤ ድምፃቸው ተቀየረ። “እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጽሑፍ ያስረዱኝ። ካልሆነ ከሥራ አግጄዎት ጉዳዩን ለፖሊስ ነው የምሰጠው።”

ከዛ ወረቀቱን መልሰው አነሱት። “ይሄ ደሞ ምንድነው? የበቀለን ብቻ አይደለም እኮ ያጠፉት። ሌላም ስም አለ።” ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። “ሙላቱ፣ ስምንት ከአስራ ስምንት። ሐና፣ ስምንት ከአስራ ዘጠኝ። ጀማል...”

አራተኛውን ከመጥራታቸው በፊት አራተኛውን አወቅኩት።

እጄን ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ብጣሿ ወረቀት እዛው አለች። “አንዴ... አንዴ ላጣራ” አልኩና ወጣሁ። ኮሪደር ላይ ወረቀቷን ዘረጋኋት። ሙላቱ። ሐና። ጀማል። በቀለ። አስራ አምስቱም በተራቸው። ሌባውን ብዬ አትሜ ያመጣሁት ራሴን ነው።

ግቢውን ጥዬ ወጣሁ። ሜክሲኮ አደባባይ ዳር ቆምኩ። ረዳቶቹ “ጦር ኃይሎች! ልደታ! ጦር ኃይሎች!” ይላሉ፤ ባቡሩ ከላይ ያልፋል፤ ማንም ምንም አያውቅም። ያ ነው የከፋው። ማንም አያውቅም። ዲኑ ስለ ብጣሿ ወረቀት አልሰሙም። ብቀድዳት አለቀ። የሰርቨሩንም ቢሆን መዝገቡን ጠርጌ ተበላሸ ብል የሚከራከረኝ የለም፤ ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አለ እንዴ? እውነቱን ብናገርስ? ስምንተኛ ክፍልን ሰርቨር የሚያስይዝ ሌላ ኮሌጅ አዲስ አበባ ውስጥ የለም። እናቴ ለጎረቤት ምን ልትል ነው?

እዛ ቆሜ ስንት ደቂቃ እንደሆነኝ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አላስቆም አለኝ። እኔ ሳወራ ሰው ይስቃል። ለምጄዋለሁ፤ የማወራው እንዲስቁልኝ ነው። ያን ቀን ግን እኔ ያመጣሁትን ወረቀት ሁሉም ሰው አመነ። እትዬ ዘይነባ እንኳ ወረቀቱ ልክ አይደለም አላሉም። እኔ አላጠፋሁም አሉ እንጂ ቢኒ ተሳስቷል አላሉም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደዛ ስታመን በሰው አንገት ላይ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሦስተኛ ፎቅ ደረስኩ። እትዬ ዘይነባ ነጭ ወረቀት ፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ከላይ ስማቸውን ጽፈዋል፤ ከዛ በታች ምንም የለም።

“እትዬ፣ አይጻፉ።”

“አንተ ልጅ ተወኝ፤ ዛሬ ቀልድ አልችልም።”

“ቀልድ አይደለም። ተነሱ፣ እንሂድ።”

ፊቴን ሲያዩ ተነሱ። ሰናይትም ተከተለችን። ዲኑ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ።

“ጋሽ ታደሰ፣ ሌባውን አመጣሁት።”

ከኋላዬ ያለውን በር አዩ። “የት አለ?”

“ይኸው ቆሟል። እኔ ነኝ።”

“ቢኒያም፣ ቀልድህን ለሌላ ቀን አድርገው።”

ለአንድ ቀን እንኳ ያላመነኝ ሰው ቢኖር ምናለ ብዬ ነበር፤ ይኸው አገኘሁ። ብጣሿን ወረቀት ካተምኩት አጠገብ አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አመሳከሩ። ሙላቱ ከሙላቱ፣ ሐና ከሐና። በቀለ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

“እና በወይዘሮ ዘይነባ ስም ለምን ገባህ?”

“ትራስ አላቸው” አልኩ። እውነቱ እሱ ነው።

“እሺ፤ አንተ ወንበራቸው ላይ ስትቀመጥ እሳቸው የት ነበሩ?”

እትዬ ዘይነባ፣ “ቀብር ነበርኩ። ጎረቤቴ ሞታብኝ” አሉ።

“ኮምፒውተሩን ማን ከፈተልዎት?”

“እኔ!” አልኩ ቶሎ ብዬ። ከተነከርኩ አይቀር ብዬ ነው።

“ውሸቱን ነው፣ እኔ ነኝ የከፈትኩላቸው” አለች ሰናይት ከበሩ ጋ።

አቶ ታደሰ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ። “ጠዋት አንድ እውነት የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነበር” አሉ፤ “አሁን ተሰልፋችሁ መጣችሁ። የፋይሎቹስ ቅጂ የለም?”

“ዮናስ ያስቀምጥ ነበር።”

“አንተስ?”

“ቦታ ሞላብኝና አቆምኩት።”

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። እንደዛ ሲያሹ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ውጤቱ አልጠፋም፣ ማለቴ ከምድር ላይ አልጠፋም። እያንዳንዱ መምህር የራሱ የማርክ ወረቀት እቤቱ አለው። ሐሙስ ማለዳ ተነስቼ ሦስት ቀን ሙሉ መምህራን ሳሳድድ ከረምኩ፤ አንዱን ጀሞ፣ አንዷን አያት፣ አንዱን ቢሾፍቱ ድረስ ሄጄ ከሠርግ ቤት አስወጣሁት። ከዛ ሰኞና ማክሰኞ እኔ እያነበብኩ እትዬ ዘይነባና ሰናይት አስገቡት። እትዬ ዘይነባ በነዚያ ሁለት ቀናት “ቀጣዩን አንብብ” ከማለት ሌላ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ምሳ ዕቃቸውንም ወደ ሰናይት አዞሩት። ቅዳሜ ነርሶቹ ተመረቁ፤ እኔ ወንበር ደርዳሪ ነበርኩ።

ሰናይት በምክር ታለፈች። እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፣ የሰርቨሩንም ክፍል ቁልፍ አስረከብኩ። አሁን ማኅሌት የምትባል ዲግሪ ያላት ልጅ ተቀጥራለች፤ እኔ ከሥሯ ነኝ። በኔትወርክ ብትበልጠኝም በኬብል አትደርስብኝም፤ ጣራ ላይ መውጣት ትፈራለች።

ከምረቃው በኋላ ሰኞ ዕለት ግን እትዬ ዘይነባ አስጠሩኝ። ያተምኩት ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ነበር።

“ከማሽኑ ላይ ስሜ ይጠፋል?”

“አይጠፋም እትዬ። ማን ምን እንዳደረገ እንዲቀር ነው የተሠራው። እሱን መጥረግ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።”

“እዛ ውስጥ ለዘላለም ዘይነባ አጠፋች እያለ ሊኖር ነው?”

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

“እንግዲያው እዚህ ጻፍልኝ” ብለው እስክሪብቶ ሰጡኝ።

ከስማቸው በታች፣ በስማቸው ገብቼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አዩትና መለሱልኝ። አይነበብም አሉ። ደግሜ ጻፍኩ። አሁንም አልጣማቸውም። በሦስተኛው ተቀበሉኝና አቶ ታደሰ ጋ ሄደው ማህተም አስመትተውበት ወደ ቦርሳቸው ከተቱት።

ከዛ ማኅሌትን ጠርተው፣ “ያ ሥልጣን የምትሉትን ውሰጂልኝ፤ ሳልጠይቅ ነው የሰጠኝ” አሏት። አዲስ አካውንት ተከፈተላቸው። ፓስወርድ ያስገቡ ስትላቸው እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አድርገው እኔን አዩኝ።

“ዞር በል።”

ዞር አልኩ። በአንድ ጣት ነው የሚጽፉት፤ ጠቅ፣ ቆይተው ጠቅ። ግድግዳውን እያየሁ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

አሁን እትዬ ይስቁብኛል፣ ይቀልዱብኛል፣ ምሳ ዕቃውም ተመልሷል። እኔም ጉራዬን አልተውኩም፤ ለምን እተዋለሁ? ልደታን ዙሩና ኬብል እንደኔ የሚስብ ካገኛችሁ ንገሩኝ። ብቻ እትዬ ዘይነባ ኮምፒውተራቸውን ሊከፍቱ እጃቸውን ሲያነሱ፣ ማንም ሳይለኝ ዞር እላለሁ።